የታርንሊ ሐይቅ ሲደርቅ

ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 14

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሕዝቅኤል፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ኖላዊት ትምህርት ጀምራለች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች። ለመልእክቶችህ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። እንዳልደውልልህ፣ ስልክ ስትይዝ «እሺ» እና «ደህና» ብቻ ነው የምትለው፤ ስትጽፍ ግን ልብህን ታወጣለህ። ሶ እጽፍልሃለሁ።

ስለ መናፈሻችሁ ሐይቅ ስጠይቅህ ምን አስጨነቀሽ ብለሃል። እውነትህን ነው፤ እንግሊዝ አገር ዛፍ እየገረዝክ በኖርክበት ዘመን ሁሉ ስለምትሠራበት መናፈሻ አንድ ቀን ጠይቄህ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ማውንት ቤከር ሰፈር የምንከባከባቸው ሴት አሉ ብዬህ የለ? ሚስ ዶሮቲ። ዘጠናን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬም እንግሊዝኛዬን ያርሙኛል። ባለፈው ሰሞን ገመድ ታጥቀህ ዛፍ ላይ የተነሣኸውን ፎቶ አሳየኋቸው። ቦታው የት ነው አሉኝ። ታርንሊ የሚባል ግንብ እንደሆነ፣ ወንድሜም በዙሪያው ያለውን መናፈሻ ከሚጠብቁት አንዱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስሙን ደግመሽ በይው አሉኝ። ደገምኩት። የያዙትን ሻይ አስቀመጡና እጄን ጨበጡኝ፤ ያን ያህል ጉልበት ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

«የእኛ ቤት ከዚያ ሐይቅ ሥር ነው» አሉኝ።

ክው አልኩ። ግን ዕድሜ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እሑድ ልጃቸው ሮቢ ከሊንውድ ሲመጣ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው ተረት እንደሆነ ነገረኝ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሜርፎርድ የምትባል መንደር ይኖሩ ነበር አሉ፤ የግንቡ ጌታ መንደሯን አፍርሰው ሐይቅ ሲያደርጓት ተፈናቅለው አሜሪካ መጡ። ሚስ ዶሮቲ ከዚህ ተረት ጋር ነው የኖሩት። በወጣትነታቸው እዚህ ሲያትል ለሀይዌይ ተብሎ የድሆች ቤት ሲፈርስ ቡልዶዘር ፊት ቆመው ታስረዋል። ዳኛው ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው «እኔ የተፈናቀለ ሰው ዘር ነኝ» ነው ያሉት። ሲሞቱም ሥጋቸው ተቃጥሎ አመዱ ከዚያ ሐይቅ እንዲገባ ተናዘዋል። እኔ እንኳ ይህን ሲነግሩኝ አማትቤያለሁ።

እና ወንድሜ፣ እውነት ከሐይቁ ሥር መንደር አለ? ያየኸውን ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ ፀዲ


ታርንሊ፣ መስከረም 12 ቀን

ፀዲዬ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ኖላዊትን ሳሚልኝ። ቶሎ ያልጻፍኩት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። የምጽፈውን ነገር በዓይኔ እስካየው ድረስ እየጠበቅኩ ነበር። አየሁት።

መጀመሪያ መናፈሻው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ግንቡ ኮረብታ ላይ ነው። ከመስኮቱ ቆመሽ ስታዪ ሣሩ ያለ አጥር እስከ አድማስ ይዘልቃል፤ ዛፎቹ እዚህም እዚያም በቡድን በቡድን ቆመዋል፤ ሐይቁ እንደ ወንዝ ተጠማዝዞ ከዛፍ ጀርባ ይጠፋል። እግዜር የሠራው ይመስልሻል። አንዱም የእግዜር አይደለም። ጥንት የአጋዘን ማደኛ ዱር ነበር። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ የነበሩት ጌታ መሬት የሚያስውብ ባለሙያ አስመጡና ጉብታውን አስፍቀው፣ ዛፉን ነቅለው ሌላ ቦታ አስተከሉ። ከብት ወደ ግንቡ እንዳይጠጋ ጥልቅ ቦይ አስቆፈሩ፤ ቦዩ ከመስኮት አይታይም፣ አጥር የሌለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ምንጩን አስገደቡና ሐይቅ አደረጉት። መንደር እንደነበረ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። የሚለው ግን «የሜርፎርድ ነዋሪዎች በፈቃዳቸው ከመናፈሻው ውጭ ወደ ተሠራላቸው የተሻለ ቤት ተዛወሩ» ነው። በየቀኑ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ቆሜ አላሰብኩበትም።

በዚህ በጋ ግድቡ ተሰነጠቀ። ለመጠገን ውሃውን ማፍሰስ ግድ ሆነ። እኛ ጭቃና ዓሣ ነበር የጠበቅነው። ውሃው እየወረደ ሲሄድ መጀመሪያ መንገድ ታየ፤ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ጋሪ የፈጀው መንገድ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ወገብ የሚደርስ የቤት ግድግዳ ብቅ አለ። ምድጃ አለ፣ በሰው እግር መሐሉ የተበላ ደፍ አለ። ሁላችንም ግድቡ ላይ ተደርድረን ቆመን ቀረን። ሥዕል ከመሰለው ቦታ ሥር ሰው ይኖር ነበር።

አንድ ነገር አልገባኝም። በሩ ይንጠለጠልበት የነበረው ብረት በየቤቱ ተጣሟል፤ ድንጋዩም አብሮ ተፈንቅሏል። አንድ ቤት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሁሉም እንደዚያ ነው።

ፎቶዎቹን ልኬልሻለሁ። ለሴትዮዋ አሳዪያቸው፤ ግን አጠገባቸው ሁኚ። የቤተሰባቸው ስም ማን ነው? ከመናፈሻው ውጭ ለተነሡት በተሠራው መንደር፣ ኒው ሜርፎርድ፣ የሚኖሩ አዛውንቶች አሉ፤ እጠይቅላቸዋለሁ።

ወንድምሽ ሕዝቅኤል


ሲያትል፣ ሴፕቴምበር 29

ወንድም ጋሼ፣

አሳየኋቸው። ያልቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። ቤታቸው ከፍታ ላይ ስለሆነ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሌክ ዋሽንግተን የሚባለው ሐይቅ ይታያቸዋል፤ ወንበራቸውም ሁልጊዜ ወደዚያ ነው። ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ደፉን በጣታቸው ሲነኩት ምስሉ እየሰፋ እየሰፋ ሄደና ድንጋዩ ብቻ ቀረ። «አለ» አሉ። ሮቢም ተረት ነው ይል የነበረው አፉን ይዞ ቀረ። ዘወር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

ስማቸውን ጠይቀሃል። ፔል ነው፤ ዶሮቲ ፔል። ባል ሲያገቡ እንኳ የአባታቸውን ስም አልለወጡም። ከሜርፎርድ የወጡት የአያታቸው ቅድመ አያት ቶማስ ፔል ይባላሉ። ፎቶውን ካዩ በኋላ ታሪኩን በሙሉ ነገሩኝ፤ ከአባታቸው የሰሙትን፣ አባታቸው ደግሞ ከአያታቸው የሰሙትን። ክረምት ነበር፣ በረዶ ነበር። ቶማስ ፔል በሩን ነቅሎ በጀርባው ተሸክሞ ከመንደሩ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ነገር የበሩ ታሪክ ብቻ ነው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው። አንተ የበሩ ብረት ተጣሟል ብለህ ስትጽፍ ይህን አታውቅም ነበር። ሳነብላቸው እሳቸውም «አየሽ፣ ሲነቅለው ነው» አሉኝ።

ከፔሎች ወገን እዚያ የቀረ ዘመድ ካለ አፈላልግልን። ሮቢ እንኳ በስልክ ላግኛቸው እያለ ነው።

ፀዲ


ታርንሊ፣ መስከረም 28 ቀን

ፀዲዬ፣

እንደምን አለሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። ነፋስ ብዙ ቅርንጫፍ ጥሎብናል።

ስለ ዘመዶቹ ገና አላጣራሁም። ፔል የሚለው የተለመደ ስም ሊሆን ይችላል፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ፊደሉን ለቅመሽ ላኪልኝ። ቶማስ የሚለውንም እርግጠኛ መሆናቸውን ጠይቂያቸው። እስከዚያው ለሚስ ዶሮቲም ለልጃቸውም ምንም አትበያቸው። ስልኩም ይቆይ።

ብርዱ ጀምሯል። ራስሽን ጠብቂ።

ሕዝቅኤል


ሲያትል፣ ኦክቶበር 12

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ አስደነገጠኝ። እማዬ ያረፈች ጊዜ ለመርዶ እስክትመጣ ድረስ እንደዚህ ነበር የምትጽፍልኝ፤ ስለ ነፋስ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ሥራ ብዛት። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ግን አጻጻፍህን አውቃለሁ።

ፊደሉን ለቅሜ ልኬልሃለሁ። ቶማስ ለመሆኑም ሚስ ዶሮቲ እርግጠኛ ናቸው፤ የሮቢ መካከለኛ ስም እንኳ ቶማስ ነው። እሳቸው በየጠዋቱ «ወንድምሽ ጻፈ?» ይሉኛል። አልጻፈም እያልኩ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ያገኘኸውን ንገረኝ። እኔ እችለዋለሁ።

ፀዲ


ታርንሊ፣ ጥቅምት 10 ቀን

እህቴ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ስሙ ሌላ ሆኖ ይገኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ያው ነው።

ኒው ሜርፎርድ ውስጥ ሚስተር ኦትዌይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ፖስታ አመላላሽ አሉ። ቤተሰባቸው ከአሮጌው መንደር ከተነሡት ነው። ውሃው ከወረደ ወዲህ በየቀኑ መጥተው ግድቡ ላይ ይቆማሉ። መጠጥ ቤት አገኘኋቸውና ደስ ብሎኝ፣ እንደ ምሥራች፣ እህቴ አሜሪካ ውስጥ ከሜርፎርድ ከወጡ ሰዎች ዘር አንዲት ሴት አግኝታለች አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ማን ይባላሉ አሉኝ። ፔል አልኩ።

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ፀዲ፣ እየቀለድኩ አይደለም፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ላለፈው ነገር ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ጠርሙስ እንደያዙ ደረቁ። እኔ ደግሞ ነገሩ ስላልገባኝ ጨመርኩበት፤ በሩን በጀርባው ተሸክሞ ወጣ የሚል ታሪክ አላቸው አልኩ።

ሚስተር ኦትዌይ ኮታቸውን አነሡ። «ተሸክሟል፤ እውነታቸውን ነው» አሉኝ። «የማንን በር እንደተሸከመ ግን ይጠይቋቸው።»

ወጡ። ተከትዬ ደጅ ላይ ያዝኳቸው። ቆመው ነገሩኝ። ቶማስ ፔል ተፈናቃይ አልነበረም። የጌታው ወኪል ነበር፤ እኛ አገር ምስለኔ የምንለው ዓይነት። የሜርፎርድ ሰዎች አንነሣም አሉ። በልመናም በማስፈራራትም እምቢ አሉ። ጌታው ቤት ላፍርስ ቢሉ ወሬው ያስፈራቸዋል፤ ስለዚህ ፔል ዘዴ አመጣ። በረዶው እስኪወርድ ጠበቀና ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በር በሩን ነቀለ። ማንንም አልመታም፣ ማንንም አላወጣም። በሩን ብቻ እየተሸከመ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ «በፈቃዳቸው» ወጡ። አንዲት አራስ ግን መንቀሳቀስ ስላልቻለች ቀረች፤ ሕፃኑ በብርድ ሞተ። «የእኛ ልጅ ነበር» አሉኝ ሚስተር ኦትዌይ፣ ልክ ትናንት የቀበሩት ያህል።

የፔል ልጅ በኋላ ዳቦ የሚሸጥለት፣ ሰላም የሚለው ሰው ስላጣ አሜሪካ ሄደ ይላሉ። እሱ ነው እንግዲህ በሩን ይዞ የሄደው፤ ወሬውን ማለቴ ነው።

ላምን አልፈለግኩም። በማግስቱ ግንቡ ውስጥ ወዳለችው ጸሎት ቤት ገባሁ። በየገናው የምቆምበት ግድግዳ ላይ እብነ በረድ አለ፤ ለጌታው ታማኝ የነበረው ቶማስ ፔል፣ የዚህን መናፈሻ መሬት ያቀና ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ቆሜ ጸልያለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ሌላም የሰማሁት አለ፤ እሱን አሁን አልጽፈውም። ለሚስ ዶሮቲ አትንገሪያቸው። በዚህ ዕድሜ ምን ይጠቅማቸዋል?

ሕዝቅኤል


ሲያትል፣ ኦክቶበር 27

ወንድም ጋሼ፣

ነገርኳቸው። ከምን ጀምሬ እንደምጽፍልህ አላውቅም።

መጀመሪያ የነገርኩት ለሮቢ ነው። ፓርክ ያደረገው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሰማኝ። ፊቱ ነጣ። «እናቴ በዚህ ታሪክ ላይ ነው የቆመችው፤ ከሥሯ አታውጪባት» አለኝ። እምላለሁ፣ ልክ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። አንተም እንደዚያው ብለሃል። ዝም ልል ወስኜ ገባሁ።

እሳቸው ግን አስተማሪ ናቸው፤ የሚደብቅ ልጅ ያውቃሉ። ሾርባቸውን ስሰጣቸው ማንኪያውን አልያዙም።

«ወንድምሽ ጽፏል» አሉኝ።

ማንኪያውን አቀበልኳቸው።

«ፀዲ፣ ከዘመዶቼ አንድም አልቀረም ማለት ነው?»

ያን ጊዜ ውሸቱ ቀርቦልኝ ነበር። አዎ፣ አንድም አልቀረም ብል ያበቃ ነበር። ሳያቸው ግን አልቻልኩም። አንተ የጻፍከውን ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኳቸው። ታሪኩ በሩ ጋ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ፣ አቆሙኝ።

«የማን በር?» አሉ።

«የሌሎቹን» አልኳቸው። «የሁሉንም።»

ፊታቸው ላይ የሆነውን ልገልጽልህ አልችልም። ሰው በቁሙ ቤቱ ሲቃጠል ሲያይ እንደዚያ ይሆናል መሰለኝ። ቀጥይ አሉኝ። ስለ ሕፃኑ ነገርኳቸው። ስጨርስ ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ «ወንበሬን ከሐይቁ አዙሪልኝ» አሉ። አዞርኩት። ግድግዳ እያዩ ተቀመጡ። ያን ቀንም በማግስቱም ሾርባ አልቀመሱም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔም ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «ዳኛው ፊት ቆሜ ምን ነበር ያልኩት» አሉ።

ሮቢ እሑድ መጥቶ ሲያያቸው አልጮኸብኝም። መጮኹ ይሻለኝ ነበር። ነገ መምጣት አያስፈልግሽም አለኝ። አሁን ስካይዌይ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ኖላዊት «ሁዋይ ዲድ ዩ ቴል ሄር?»፣ ለምን ነገርሻቸው፣ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባባ አያታችንን «የትልቅ ሰው ወኪል ነበሩ» እያለ ነበር የሚያወራልን። አዳ በኩል፣ ትራክተር የገባ ጊዜ። ወኪል ማለት ምን ይሠሩ ነበር?

ፀዲ


ታርንሊ፣ ጥቅምት 27 ቀን

ፀዲዬ፣

ከሥራሽ መውጣትሽን አነበብኩ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ግን ዋሽተሽ ቢሆን ኖሮ ይቅር እንደማልልሽም አውቃለሁ።

ስለ አያታችን የጠየቅሽኝን አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ፎቶአቸው ሳሎን ተሰቅሎ፣ ካባ ለብሰው፣ ስናድግ ኮርተንባቸዋል። ጥያቄሽን ካነበብኩ ወዲህ ያ ፎቶ ከዓይኔ አልጠፋም። የሚያውቅ ካለ አክስታችን እናኑ ናቸው፤ እኔ ግን ለመደወል ድፍረት አጣሁ።

አሁን እዚህ የሆነውን ስሚ። ሚስተር ኦትዌይ ያ «በፈቃዳቸው» የሚለው ቃል ከሰሌዳው ላይ እንዲነሣ ስንት ዘመን ሲጠይቁ ኖረዋል። አባታቸውም ጠይቀው ነበር። የግንቡ ሰዎች መልስ አንድ ነው፤ የመንደር ወሬ ነው፣ አንድ ወገን ብቻ የሚያወራው ነው፣ በወሬ ታሪክ አይጻፍም። ግድቡ ተጠግኖ አልቋል፤ ውሃው ሊመለስ ነው። ከተመለሰ ያ የተጣመመ ብረትም ተመልሶ ይሰጥማል።

ከሚስተር ኦትዌይ ጋር ግድቡ ላይ ቆመን ሳለ ሚስ ዶሮቲ ወንበራቸውን እንዳዞሩ ነገርኳቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። አልተደሰቱም። «እነሱም ቤት በሩ ይታወሳል ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ያኔ ለእኔም በራልኝ፤ ሁለት ቤት፣ በውቅያኖስ ተለያይተው፣ ተያይተው የማያውቁ፣ አንድ ክረምትና አንድ በር ያስታውሳሉ። አንድ ወገን ብቻ አይደለም።

የግንቡን የታሪክ ባለሙያ ሄጄ ነገርኳት። ወጣት ሴት ናት፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከፔል ዘር የሆነ ሰው ራሱ ቢመሰክር ነገሩ ሌላ ይሆናል አለችኝ። አለቃዬ ግን አንተ ዛፍህን ግረዝ ብሎኛል።

ይህን የምነግርሽ እንድታውቂው ብቻ ነው። ከሚስ ዶሮቲ ምንም አንጠይቅም። አንቺም አትጠይቂ። ታሪካቸውን ወስደንባቸዋል፤ ስማቸውን ደግሞ በገዛ እጃቸው እንዲያዋርዱ አንለምናቸውም።

ሕዝቅኤል


ሲያትል፣ ኖቬምበር 24

ወንድም ጋሼ፣

ሚስ ዶሮቲ በቪዲዮ ለመመስከር በቀረቡ ዕለት፣ ሚስተር ኦትዌይ አንተንና ባለሙያዋን ከቤታቸው ወደ ጓሮ አስወጥተዋችሁ በሩን ሲዘጉ በስክሪኑ አይቻለሁ። ለዚህ ነው ምን ተባባሉ ያልከኝ። ሰውዬው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ማንንም ሳያናግሩ መሄዳቸው አስደንግጦሃል። እነግርሃለሁ፤ ሚስ ዶሮቲም ንገሪው ብለውኛል።

ሮቢ እንደገና ኮል ያደረገልኝ እናቱ ከማንም እጅ በደንብ አልበላ ስላሉት ነው። ስገባ እዚያው ግድግዳው ፊት ነበሩ። ከስተዋል። «ቁጭ በይ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ የጻፈልሽን ሁሉ አንብቢልኝ።» አትጠይቂ ብለኸኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም፣ አነበብኩላቸው ብቻ። ስለ ሰሌዳው ሳነብ ሮቢ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ማም፣ ማንም ይህን ከአንቺ አይጠብቅም» አላቸው። እሳቸው መልስ አልሰጡትም። ሰማያዊ ሹራባቸውን አምጪልኝ አሉ፤ ያው ሰው ፊት ሲቀርቡ የሚለብሱትን።

መጀመሪያ የተናገሩትን አንተም ሰምተሃል። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ታሪኩ በቤታቸው እንዴት ይነገር እንደነበር፣ ክረምቱን፣ በሩን። «እኛ በሩ የእኛ ነው ብለን ነበር የምናወራው። የእኛ አልነበረም» ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሮቢ ኩሽና ገብቶ ቀረ።

እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ሚስተር ኦትዌይ የሆነ ሊሉ ያዘጋጁት ነገር እንደነበረ ያስታውቃል። ሚስ ዶሮቲ ቀደሟቸው።

«ስማችን እዚያ በምን ይነሣል?» አሉ።

«ይቅርብዎ» አሉ ሰውዬው።

«ዘጠና ዓመት ቀርቶብኛል።»

ሰውዬው አጎንብሰው ተናገሩ። የኒው ሜርፎርድ ልጆች አባሮሽ ሲጫወቱ የሚያባርረው ልጅ ስሙ ፔል ነው። «ፔል መጣ» እያሉ ነው የሚሮጡት። ማን እንደነበረ አንዱም ልጅ አያውቅም። አንተ ያልጻፍክልኝ ይህን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ መናፈሻው ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምተኸዋል መሰለኝ። ሊታመሙብኝ ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

እሳቸው ግን እንደ አስተማሪ ነው የጠየቁት። «ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነው ፔል የሚሆነው?»

«የለም» አሉ ሚስተር ኦትዌይ። «የተያዘው ይሆናል። ለሁሉም ተራው ይደርሳል።»

«ለእርስዎም ደርሶዎት ነበር?»

«ደርሶኝ ነበር።»

«እንግዲያው አያስቁሟቸው» አሏቸው። «ይጫወቱ።»

ሰውዬው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ሌላ የተባለ ነገር የለም። ተያይተው ተቀመጡ፣ ከዚያ ሚስተር ኦትዌይ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ አነሡና ወጡ።

ባለሙያዋ የላከችውን አዲሱን ጽሑፍ አንብቤላቸዋለሁ። «በፈቃዳቸው» የሚለው ወጥቷል፤ በሮቹ ገብተዋል፣ ሕፃኑም ገብቷል። የቶማስ ፔል ስም ይጻፍ ወይስ «ወኪሉ» ይባል ብላ ነበር የጠየቀችው። ይጻፍ አሉ። አመዳቸውም ወደዚያ እንዳይሄድ ለሮቢ ነግረውታል፤ እዚሁ ከባላቸው ጎን ይቀበራሉ። እኔም ሥራዬ ላይ ተመልሻለሁ። ሮቢ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ግን አሁን እሑድ ሲመጣ ለእኔም ቡና ገዝቶ ይመጣል።

ሾርባቸውን የቀመሱት የቪዲዮ ጥሪው በተዘጋ ቀን ነው። ግማሽ ሲደርሱ ማንኪያውን አስቀምጠው አዩኝ። ደብዳቤዎችህን ሳነብላቸው ያንን ስለ አያታችን የጻፍከውንም አንብቤው ነበር፤ ሳላስበው አልፌው ነበር። እሳቸው አላለፉትም።

«ለአክስትሽ ደወልሽ?» አሉኝ።

ወንድሜ፣ አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ትናንት ለአክስቴ እናኑ ደወልኩ። ሰላምታውን ጨርሰን፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ እግራቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነት ካወራን በኋላ ጠየቅኳቸው፤ አያቴ አዳ ሳሉ ትራክተር ሲገባ ጭሰኞቹን ያስነሡት እሳቸው ነበሩ ወይ አልኳቸው። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም አልኳቸው። ይዘጉብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልዘጉም። እኔ ስለ አያታችን ነበር የጠየቅኩት፤ አክስቴ ግን ስለ አያታችን አንድ ቃል አልተናገሩም። የተነሡትን ሰዎች መጥራት ጀመሩ። ባሉን ከነአባቱ ስም፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቤት፣ ከዚያ የሚቀጥለውን፤ ጎጆው በየት በኩል እንደነበረ፣ በሬው ምን ዓይነት እንደነበረ። ያኔ ልጅ ነበሩ እኮ። ኖላዊት አጠገቤ ነበረች፤ ሁዋት ኢዝ ሺ ሴይንግ፣ ምን እያሉ ነው ስትለኝ፣ ስም እየጠሩ ነው አልኳት። አንዱንም አልረሱም። ሁሉንም በስማቸው ያውቋቸዋል።

እህትህ ፀዲ